አራት ሐይቆች፣ አንድ ጫጉላ

ጫጉላ ድሮ ጉዞ አልነበረም፤ ጎጆ ነበር። ሰርጉ ሲያልቅ ሙሽራውና ሙሽሪት ለብቻቸው የሚሰነብቱባት፣ ሚዜዎች ደጇን የሚጠብቋት፣ ለዚሁ ተብላ የምትዘጋጅ ትንሽ ቤት። ብዙዎቹ ሙሽሮች እስከ ሰርጋቸው ቀን በቅጡ አይተዋወቁም ነበር። ስለዚህ የጎጆዋ ሥራ ግልጽ ነው፤ ሁለት ሰዎች ከሰው ዓይን ተሸሽገው አንዱ የሌላውን ማንነት የሚማሩበት ጊዜ መስጠት። ጎጆዋ ከከተማችን ከጠፋች ቆየች፣ ስሟ ግን አልጠፋም። ዛሬ "ጫጉላ የት ነው?" ተብለን ስንጠየቅ የምንመልሰው የቦታ ስም ነው፤ ሐዋሳ፣ ዛንዚባር፣ ዱባይ።

እኔና እጮኛዬ የመለስነው "ሐይቆቹ ጋ" ብለን ነው። የአልፕስ ሐይቆች። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ለጉዞው ሁለት ዓመት አጠራቅመናል፤ ስልኬ ላይ ደግሞ ውሃ ዳር ያሉ የእንጨት ቤቶች፣ በረዶ የለበሱ ጫፎችና ቀይ ባቡሮች ፎቶ ሞልቷል። ካርታ ከፍቼ መንገዱን አሰመርኩ፤ ጄኔቫ፣ ስትሬዛ፣ ኮሞ፣ ብራዬስ። ታሪክ ማንበብ ስለምወድ ከሆቴል ዋጋ ጎን ለጎን የየቦታውን ታሪክም እያገላበጥኩ ነበር። እና አንድ ነገር ደጋግሞ መጣብኝ። በአራቱም ሐይቆች ዳር እኛ አለን። ኢትዮጵያ አለች።

እጮኛዬ ይህን ሁሉ ሳያነብ በፊት "ጣሊያን? ለጫጉላ?" ብሎኝ ነበር። የአያቱ አባት ማይጨው ላይ ነው የቀሩት። አያቱ፣ ሁላችንም እማማ የምንላት፣ አባቷን ሳታይ የተወለደች ናት። ስለዚህ ጥያቄው በቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በእሱ ጥያቄ ላይ ሳምንታት ከተከራከርን በኋላ ነው። እናንተም ተመሳሳይ ካርታ ከፍታችሁ ከሆነ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። (እ.ኤ.አ. ያላልኩበት ቀን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ተራራው ከመቼ ወዲህ ነው ያማረው?

አልፕስን የፍቅረኞች አገር አድርጎ ማየት የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1723 የዙሪኩ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ዮሐን ያኮብ ሾይክዘር ስለ ተራሮቹ ያሳተመው መጽሐፍ ሰዎች አየን ያሏቸውን ድራጎኖች ከነሥዕላቸው ይዘረዝራል። ሰውየው ቀላል ሰው አልነበረም፤ የተከበረ ምሁር ነው። በዘመኑ ተራራ ማለት የሚፈራ፣ ግድ ካልሆነ የማይታለፍበት ቦታ ነበር።

ከዚያ ሁለት መጽሐፎች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1732 የበርኑ ሐኪም አልብሬክት ፎን ሃለር ስለ አልፕስ የጻፈው ረጅም ግጥም ታተመ፤ የተራራውን ገበሬ ንጹሕና ደስተኛ አድርጎ የሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1761 ደግሞ ዣን ዣክ ሩሶ "ዡሊ"ን አወጣ። ታሪኩ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ባለችው ክላራን መንደር የሚኖሩ፣ መጋባት ያልቻሉ የሁለት ሰዎች ፍቅር ነው። አውሮፓ አነበበችው፣ አለቀሰችበት፣ ከዚያም መጽሐፉን በእጇ ይዛ መንደሩን ልታይ መጣች። ዛሬ ፊልም የተቀረጸበት ቦታ ሄደን ፎቶ የምንነሳው ነገር የዚያን ጊዜ ጀምሯል ማለት ይቻላል።

የእንግሊዝ ሙሽሮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሰርግ በኋላ ሲጓዙ በአብዛኛው ሰርጉ ላይ ያልተገኙ ዘመዶችን ሊጠይቁ ነበር። አንዳንዴም እህት ወይም ጓደኛ አብራ ትሄዳለች። ለእኛ ከጫጉላ ይልቅ መልስና ቅልቅል ይመስላል። ቀስ በቀስ ዘመዶቹ ከጉዞው ወጡ፣ ተራራና ሐይቅ ገባ። ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1863 የመጀመሪያዎቹን የስዊዘርላንድ ቱሪስቶች በቡድን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1871 ከሉሰርን ሐይቅ ዳር ወደ ሪጊ ተራራ የሚወጣው ባለ ጥርስ ሐዲድ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው። ከእንግዲህ ጫፍ ላይ ቆሞ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ጉልበት አያስፈልግም፤ ትኬት ይበቃል።

መንደሮቹ ግን ያኔ ሀብታም አልነበሩም። በተቃራኒው ነው። ከቲሮል፣ ከፎራርልበርግና ከግራውቡንደን የድሃ ልጆች በየጸደዩ በረዶ ያልለቀቀውን መተላለፊያ በእግር እየተሻገሩ ወደ ደቡብ ጀርመን፣ ወደ ሽዋበን ይወርዱ ነበር። ራቨንስቡርግን በመሰሉ ከተሞች ገበያ ላይ ገበሬዎች እያዩ ይመርጧቸዋል፤ እስከ መኸር ከብት ይጠብቃሉ፤ ልብስ፣ ጫማና ጥቂት ገንዘብ ይዘው ይመለሳሉ። ይህ ነገር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ቀጥሏል። ዛሬ በሌሊት የወር ደመወዛችንን የሚያስከፍሉት በአበባ የተሸፈኑ የእንጨት ቤቶች ያሉት የእነዚህ እረኛ ልጆች አገር ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው ሐይቅ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ጄኔቫ

ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። የማኅበሩ መቀመጫ ጄኔቫ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ሌማን የሚሉት ሐይቅ ዳር ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ቆይቶ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አገራቸው የተያዘችባቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያ ጉባኤ ፊት ቆሙ።

ንግግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቪዲዮው በየዓመቱ ይዞራል። ቦታው ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። አሁን ቱሪስት የሚጎበኘው ግዙፉ ፓሌ ዴ ናስዮን የጉባኤ አዳራሹ ያኔ አላለቀም ነበር። ጉባኤው የተቀመጠው ከተማው መሃል በነበረ ባቲማን ኤሌክቶራል በሚባል የምርጫ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ዛሬ የለም፤ በቦታው የዩኒቨርሲቲ ሕንጻ ቆሟል። ፎቶ ለመነሳት የሚመች ነገር አታገኙም። እኛ ግን በዚያ በኩል እናልፋለን።

ንጉሠ ነገሥቱ ገና አፋቸውን ከመክፈታቸው ከጋዜጠኞች ሰገነት ፉጨትና ጩኸት ተነሳ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ነበሩ። የሮማኒያው ተወካይ ኒኮላይ ቲቱሌስኩ ተነስቶ እነዚህን አረመኔዎች አስወጡልን ብሎ ጮኸ። ፖሊስ አወጣቸው። ከዚያ ንግግሩ በአማርኛ ቀጠለ።

ንግግሩን እንደገና ሳነበው የቆምኩበት ቦታ አለ። የመርዝ ጋዙን ሲዘረዝሩ አውሮፕላኖች እየተመላለሱ እንደ ዝናብ የረጩት መርዝ ወታደሩን፣ ሴቱን፣ ሕጻኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙን፣ ሐይቁንና ግጦሹን እንደነካ ይናገራሉ። ሐይቁን። ከዓለም ውብ ሐይቆች አንዱ ዳር ተቀምጠው ለሚያዳምጧቸው ሰዎች ስለ ሌላ ሐይቅ እየነገሯቸው ነበር።

እኔ ያንን ስሰማ የሚታየኝ አሸንጌ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተራሮች የተከበበ የራሳችን የደጋ ሐይቅ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦርነቱ ከተሸነፈ በኋላ ያፈገፈገው ሠራዊት በአሸንጌ ሜዳ ሲያልፍ ከሰማይ ቦምብና ጋዝ ወረደበት። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ስልሳ ዓመት ቆይቶ።

እጮኛዬ ለእማማ የምንሄድበትን ሐይቅ ፎቶ ሲያሳያት ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው። "ያምራል" አለች። ከዚያ "ውሃው ይጠጣል?" ብላ ጠየቀች። ከማይጨው የተመለሱት ሰዎች የሐይቅና የወንዝ ውሃ ይፈሩ እንደነበር ከእናቷ ሰምታ ነው ያደገችው። "ይጠጣል እማማ፣ በጣም ንጹሕ ነው" አላት። "እንግዲያው ጥሩ ነው" አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ከንግግሩ በኋላ ምን ሆነ? በሐምሌ ወር ማኅበሩ በጣሊያን ላይ ጥሎት የነበረውን ማዕቀብ አነሳ። በቃ፤ ያ ነበር መልሱ።

ስትሬዛ

ከጄኔቫ ባቡር ከያዛችሁ ሐይቁን በቀኝ እያያችሁ ሎዛንን፣ ሞንትሮን አልፋችሁ የሮን ሸለቆን ትወጣላችሁ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1906 በተከፈተውና 20 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ በሚቀረው የሲምፕሎን ዋሻ ውስጥ አልፕስን ሰርስራችሁ ጣሊያን ትወጣላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ማጆሬ ሐይቅ ይከፈታል፤ ስትሬዛ ደረሳችሁ። ሄሚንግዌይ "ጦር መሣሪያ ደህና ሁን" በሚለው ልብ ወለዱ ከጦርነት የሸሹትን ሁለት ፍቅረኞች በሌሊት በጀልባ ቀዝፈው ወደ ስዊዘርላንድ ያመለጡት ከዚህች ከተማ እንዲሆን አድርጓል።

ከስትሬዛ ፊት ለፊት ኢዞላ ቤላ የምትባል ደሴት አለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ካርሎ ቦሮሜዮ ሦስተኛው ደሴቷን በሚስቱ በኢዛቤላ ስም ጠርቶ ቤተ መንግሥትና ደረጃ በደረጃ የሚወጣ የአትክልት ቦታ ማሠራት ጀመረ፤ ነጫጭ ጣዎሶች ይዘዋወሩበታል። ለሚስት ስም የተሰጠ ደሴት! ለጫጉላ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

በዚህ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሚያዝያ 3 እስከ 6 ቀን 1927 ዓ.ም. ሦስት መንግሥታት ስብሰባ ተቀመጡ። ሙሶሊኒ አስተናጋጅ ነው። ከእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ራምዚ ማክዶናልድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ሳይመን፣ ከፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ፍላንዳንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ላቫል መጥተዋል። የተጠሩበት ምክንያት ሂትለር ነበር፤ ከአንድ ወር በፊት ብሔራዊ ውትድርናን እንደገና አውጇል። ሦስቱ ተባብረው ሊያስቆሙት ፈለጉ።

የእኛ ነገር ያኔ የት ደርሶ ነበር? የወልወሉ ግጭት ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ጣሊያን በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ጦር እያከማቸች ነው። ኢትዮጵያ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ብላለች። ማንም ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ምን እየመጣ እንደሆነ ያውቃል። ሆኖም የእንግሊዝና የፈረንሳይ መሪዎች ሙሶሊኒን በሂትለር ላይ ስለፈለጉት ኢትዮጵያ በአጀንዳው ላይ አልተነሳችም። የእንግሊዝና የጣሊያን የአፍሪካ ጉዳይ ባለሙያዎች በጎን ተነጋገሩ፤ ዋናው ጠረጴዛ ላይ ግን ዝምታ ሆነ።

የመጨረሻው መግለጫ ሲዘጋጅ የሆነውን የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው ይተርካሉ። ረቂቁ ሰላምን አደጋ ላይ የሚጥል የውል መፍረስን ሦስቱም እንደሚቃወሙ ይናገራል። ሙሶሊኒ አንድ ቃል አስጨመረ፤ "ሰላም" የሚለው "የአውሮፓ ሰላም" ሆነ። እንግሊዞቹ ልዩነቱን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። አልተቃወሙም፤ ፈረሙ። ሙሶሊኒም ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጠረው። ከስድስት ወር በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን ተሻገረ።

ይህን ለእጮኛዬ ሳነብለት "ታዲያ ከጣሊያን ይልቅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ናቸዋ የሚያናድዱት" አለኝ። እውነቱን ነው። ከኮሞ ይልቅ ስትሬዛ ትከብደኛለች። እዚያ ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተኮሰም። በአበባ መሃል ቆንጆ ጠረጴዛ ላይ የአንድ ሕዝብ ስም ሳይጠራ ታለፈ፣ በዚያ ምክንያት ብዙ ሰው ሞተ።

ኮሞ

ኮሞን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ምዕራባዊ ዳርቻው ላይ፣ ሌኖ በሚባል ቦታ ያለው ቪላ ዴል ባልቢያኔሎ በስታር ዋርስ ፊልም አናኪንና ፓድሜ በምስጢር የተጋቡበት ነው። ከመላው ዓለም ሰዎች ለሰርግ ይከራዩታል።

ከሌኖ አጠገብ ሜዜግራ አለች፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁለቱ ትሬሜዚና በሚባል አንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ናቸው። ከሐይቁ ትንሽ ወጣ ብሎ ጁሊኖ የሚባል ሰፈር፣ በአንድ ቪላ በር አጠገብ፣ ትንሽ መስቀል ታገኛላችሁ። ቤኒቶ ሙሶሊኒ የተገደለው እዚያ ነው፤ ሚያዝያ 20 ቀን 1937 ዓ.ም.።

ከሚላኖ ሸሽቶ በሐይቁ ዳር ወደ ሰሜን እየሄደ ነበር። በዋዜማው ዶንጎ ላይ የጣሊያን አርበኞች አፈግፍጎ የሚሄድ የጀርመን የመኪና ሰልፍ አስቆሙ፤ ሲፈትሹ የጀርመን ካፖርትና ቁር አጥልቆ አንድ ካሚዮን ላይ ተቀምጦ አገኙት። አብራው ውሽማው ክላሬታ ፔታቺ ተገደለች። የመጨረሻውን ሌሊት እዚያው መንደር የገበሬ ቤት ውስጥ አሳልፈው ነበር።

ቀኑን አስተውሉ። እኛ የድል በዓላችንን የምናከብረው ሚያዝያ 27 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ቀን። ሰውየው ሲሞት ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች አራት ዓመት ሊሞላት ሳምንት ቀርቷታል። የገደሉትም የራሱ አገር ሰዎች ናቸው። አርበኛ የሚለውን ቃል የእኛ ብቻ አድርገን ስለለመድነው የጣሊያን አርበኞች ማለት ለጆሮ ይከብዳል፤ ግን ነበሩ።

እጮኛዬ ኮሞ ላይ ልቡ እምቢ አለ። "ከሰርጋችን ማግስት የሱን ስም የተጻፈበት መስቀል አጠገብ አላድርም" አለ። አልተከራከርኩትም። ሰው ጫጉላው ላይ የት እንደሚተኛ መምረጥ መብቱ ነው።

ብራዬስ

የመጨረሻው ሐይቅ ትንሿ ናት። 1,496 ሜትር ላይ፣ በዶሎማይት ተራሮች ግርጌ፣ አረንጓዴ ውሃ፣ የእንጨት ጀልባ ቤት። ኢንስታግራም ላይ ያላየ የለም። በሐምሌና በነሐሴ ሰው ስለሚበዛ መኪና ያለ ቅድመ ምዝገባ አይገባም፤ ጥር ላይ ደግሞ ውሃው በረዶ ነው። በጥር ለምትጋቡ ልንገራችሁ፣ ጀልባ የለም።

ይህ አገር እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ኦስትሪያ ነበር፤ ሕዝቡ ጀርመንኛ ተናጋሪ ነው። ጣሊያን ከያዘችው በኋላ ፋሺስቶች ጀርመንኛን ከትምህርት ቤት አስወጡ፣ የመንደሮቹን ስም ቀየሩ። እናቶችና ወጣት ሴቶች ልጆችን በየቤቱ ተደብቀው ማንበብ ያስተምሩ ነበር። ዛሬም ቦታው ሁለት ስም አለው፤ በጣሊያንኛ ብራዬስ፣ በጀርመንኛ ፕራግስ።

ዋናው ሸለቆ ፑስቴሪያ ይባላል። እዚህ ላይ ነው ያነበብኩትን መልሼ ያነበብኩት። በ1928 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከዘመቱት ክፍሎች አንዱ የተራራ ወታደሮች ክፍለ ጦር ሲሆን ስሙ ፑስቴሪያ ነበር። አምባ አራዶም ላይ ተዋጋ። ማይጨው ላይ የእኛ ሠራዊት በንጋት መትቶ የገባበት ምሽግ የእሱ ነበር። የእማማ አባት የወደቁበት ጦርነት የዚህን ሸለቆ ስም ከያዘ ጦር ጋር ነው።

ተራራ የወለዳቸው፣ ብዙዎቹ እረኛ ሆነው ያደጉ ሰዎች ናቸው ሌላ ተራራ የወለዳቸውን ሰዎች ሊገድሉ የመጡት። ይህ ከጥፋቱ ነጻ አያወጣቸውም። የመጡት ከመንደር መሆኑን ግን መርሳት አልችልም። በሸለቆው ትልቁ ከተማ በብሩኒኮ እ.ኤ.አ. በ1938 ለዚህ ክፍለ ጦር ሐውልት ቆመ። የአካባቢው ሰዎች ሐውልቱን የፋሺዝም ምልክት አድርገው ነበር የሚያዩት፤ ከአንድ ጊዜ በላይ በፈንጂ ተመትቶ ዛሬ የቀረው ቁራጩ ነው።

ከሐይቁ ዳር ያለው ትልቅ ሆቴልም የራሱ ታሪክ አለው። ሙሶሊኒ በሞተ በሁለተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1945፣ ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች በመያዣነት ተወስደው የነበሩ 139 የ17 አገር እስረኞች ከኤስኤስ እጅ ወጥተው እዚያ አረፉ። ከነሱ መካከል የቀድሞው የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሌዎን ብሉም ከነሚስቱ ነበር። ሁለቱ የተጋቡት ቡኸንቫልድ ታስረው ሳሉ ነው። ጫጉላቸው ከሐይቁ በፊት እዚያ ነበር ማለት ነው።

እና እንሂድ ወይስ እንቅር?

እንሄዳለን። የሌሊቶቹን ቁጥር ግን ቀየርነው። ጄኔቫ ሁለት፣ ስትሬዛ ሁለት፣ ብራዬስ አራት። ኮሞን በቀን ባቡር እናልፈዋለን፤ ከፈለግን ወርደን ቡና እንጠጣለን፣ ካልፈለግን አንወርድም። ሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው ብዙ ሌሊት ከሚታደርበት አገር ስለሆነ ማመልከቻችን ወደ ጣሊያን ነው። የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የጉዞ መድን፣ የሆቴል ማረጋገጫ ስንሰበስብ እጮኛዬ "በሃያ ስምንት ሲመጡ እኛ ይህን ሁሉ ጠይቀናቸው ነበር?" ብሎ አሳቀኝ።

አልሄድም ማለትም ያስከብራል፤ እሱ መጀመሪያ ያለውን አሁንም አልንቀውም። እኔን ያሳመነኝ የድሮው ጫጉላ ነው። ጎጆዋ የመተዋወቂያ ቦታ ነበረች። እኔ ስለ እጮኛዬ ቅድመ አያት ስም ያወቅሁት፣ ከየት ተነስተው እንደዘመቱ የሰማሁት፣ እማማ ለምን የቆመ ውሃ እንደማትወድ የገባኝ ይህን ካርታ ሳሰምር ነው። ለሦስት ዓመት አብረን ስንሆን አንድም ቀን አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ከጉዞው ስንመለስ፣ ከመልሱ በኋላ፣ መንገዱ ሲመች ወደ አሸንጌ እንወርዳለን። ይህን ያመጣው እሱ ነው። እማማ እድሜዋ ለመንገዱ አይመችም፤ እሷ ያዘዘችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ ይዘንላት እንድንመጣ።